በብረት በር ላይ የተጻፈ ዋጋ

ስለ እትዬ ጠመኔ የምጽፈው በደንብ ስለማውቃት አይደለም። በደንብ አላውቃትም። በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ንብረት ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ፣ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ የጠመኔ ካርቶን አስጭና ትመጣ ነበር። ቆጥሬ እረከባታለሁ፣ ትፈርማለች፣ እፈርማለሁ፣ ትሄዳለች። ቤቷ የገባሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ። ከእኔ ይልቅ ልጇ ብትጽፈው የተሻለ ይሆን ነበር። ግን እሷም የምትጽፈው አይመስለኝም፤ እኔም ልተወው ብዬ ስሞክር አልሆነልኝም።

ፊት ለፊት ስንገናኝ “እርስዎ” ነው የምላት። እዚህ ወረቀት ላይ ግን “እሳቸው” እያልኩ ስጀምር፣ ጎረቤቷም “እሳቸው” ስለሚባል ማን ምን እንዳደረገ ለራሴም ጠፋኝ። ስለዚህ “እሷ” እና “እሱ” ብዬ ጽፌያለሁ። ድፍረት ተደርጎ እንዳይቆጠርብኝ።

እትዬ ጠመኔ ብሎ የሰየማት የመጋዘኑ ዘበኛ ነው። ስትሰማው ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም። ጸጉሯ፣ ቅንድቧ፣ የጫማዋ ማሰሪያ ሳይቀር ነጭ ነው። “ሽበት ሲጀምረኝ ማንም አላየብኝም፤ ይሄ ሥራ ያለው ጥቅም ይሄ አንዱ ነው” ትል ነበር።

አንድ ልማድ ነበራት። ካርቶኖቹ ከወረዱ በኋላ “አንዱን ምረጪ” ትለኛለች። የመረጥኩትን ትከፍትና አንዲት ጠመኔ አውጥታ ከወገቧ ቁመት ሲሚንቶው ላይ ትለቃታለች። ለሁለት ከተሰበረች ምንም አትልም። ለሦስት ከተሰበረች ካርቶኑን መልሳ ትወስዳለች። ይህን አድርጊ ያላት የለም፤ መመሪያችን ውስጥም እንዲህ የሚል የለም። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ መልሳ ስትወስድ ያየሁት አንድ ካርቶን ብቻ ነው፤ እሱንም እየተነጫነጨች፣ ጠመኔዋን እንደ ባለጌ ልጅ እያየች።

ሥራውን የጀመረው ባሏ ነው። ሲሞት ስድስት የነሐስ ፎርማ፣ ሁለት በርሜልና ያኔ ገና ተማሪ የነበረች አንዲት ሴት ልጅ ተወላት። ፎርማው መቶ ቀዳዳ ያለው ከባድ ነገር ነው። ውስጡ ዘይት ይቀባል፣ ጀሶው በባልዲ ከውሃ ጋር ይማሰልና ይፈስበታል፤ የተረፈው በጠፍጣፋ ብረት ይላጫል። ከሩብ ሰዓት በኋላ መቶው ጠመኔ ተገፍቶ ይወጣና ጣውላ ላይ ይደረደራል። እስከዚህ ድረስ ማንም ይሠራዋል ትላለች። ጠመኔን ጠመኔ የሚያደርገው ማድረቁ ነው። አራት ቀን ቀስ እያለ በፀሐይ መድረቅ አለበት። ቶሎ ከደረቀ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ላዩን ስታየው ደህና ነው፣ ሰሌዳ ሲነካ ግን እንክት ይላል።

የማድረቂያው ግቢ የእሷ ብቻ አልነበረም። እኩሌታው የጎረቤቷ ነው፤ እሱም ጠመኔ ሠሪ ነው። ኮሎኔል ይሉታል። ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ ወገቡን አሞት ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ነው። በመካከላቸው አጥር የለም፣ አንድ ገመድ ብቻ ተወጥሯል። ጠዋት ፀሐይ የምታርፈው በኮሎኔል በኩል ነው፤ ከሰዓት በእሷ በኩል። ስለዚህ የሁለቱም ጣውላ ጠዋት ከእሱ ዘንድ ይሰጣል፤ ቀትር ላይ ሁለቱ ጣውላውን በግራና በቀኝ እየያዙ ከገመዱ በታች ወደ እሷ ያሳልፋሉ። ሃያ ዓመት ያህል በየቀኑ እንዲህ አደረጉ። ኮሎኔል ጎንበስ ማለት ስለማይችል ሁልጊዜ ገመዱን ከፍ የምታደርገው እሷ ናት። “ሰላምታ ስጪ እንጂ፣ ኮሎኔል እያለፈ ነው” ይላታል። “እለፍ፣ ጦርህ ቀድሞሃል” ትለዋለች፤ ጣውላው ላይ ያሉትን ጠመኔዎች ማለቷ ነው።

ሌላም ነገር ነበራቸው። በሯ ጥቁር ቀለም የተቀባ የብረት በር ነው፣ እንደ ሰሌዳ። አንዱ ሌላውን ሲያጣ በጠመኔ እዚያ ላይ ይጽፋል። “ውሃ ዛሬ ይመጣል።” “ገበያ ሄጃለሁ፣ ጣውላዬን አሻግርልኝ።” “ኮሎኔል፣ ትናንት ስታንኮራፋ ጠመኔዬ ተሰነጠቀ።” ጠዋት ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ትጠርገዋለች። ልጇ፣ አሁን የአንደኛ ደረጃ መምህርት የሆነችው፣ ንባብ የለመድኩት ከዚያ በር ላይ ነው ብላኛለች።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ። እኛ መሥሪያ ቤት ለጠመኔ ትልቅ ጨረታ አያወጣም፤ ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ በታሸገ ፖስታ ይሰበስብና ዝቅተኛውን ይወስዳል። ዝቅተኛውን ብቻ። ጠመኔው ይጽፋል ወይ፣ ይሰበራል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ዓምድ ቅጹ ላይ የለም። በከተማው ጠመኔ የሚሠሩት ሁለቱ ናቸው፤ ሦስተኛው ከውጭ የመጣ የሚሸጥ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለቱ ከልባቸው ተወዳደሩ። እሷ አንድ ብር ብትቀንስ እሱ አንድ ተኩል ይቀንሳል። በሦስተኛው ዓመት ዋጋው ከጀሶው በታች ሊወርድ ሆነ፤ እሱን ለማካካስ ኖራ ቀላቀሉበት፤ የመምህራን ጣት ተሰነጣጠቀ። ያኔ ኮሎኔል ገመዱ ዘንድ መጥቶ “ጎረቤት፣ በዚህ ከቀጠልን ጀሶውን ልሰን ማደራችን ነው” አላት። ከዚያ ወዲህ ተራ ሆነ። አንድ ዓመት የእሷ፣ አንድ ዓመት የእሱ። ባለተራው ዋጋውን ለሌላው ይነግራል፤ ሌላው ከፍ አድርጎ ይጽፋል፤ ለነጋዴውም ይነገረዋል፤ እሱ እንደሆነ ጠመኔ ቢሸጥም ባይሸጥም ግድ የለውም። ሥራው ሲመጣ ተራ ያልደረሰው በራሱ ፎርማ ለባለተራው ያፈስለታል፣ በፓኬት ይከፈለዋል። አራት ሺህ ፓኬት በስድሳ ቀን ለማድረስ የሁለቱም ፎርማ፣ የሁለቱም ፀሐይ ያስፈልግ ነበር።

ሕጉ ይህን እንደማይፈቅድ አውቃለሁ። እነሱም ያውቁ ነበር። ትክክል ነበር ለማለት አይደለም የምጽፈው። ኖራው የጠፋው ግን ያኔ ነው።

ነገሩ የተበላሸበት ዓመት ተራው የኮሎኔል ነበር። ያለፈው ዓመት የእሷ ተራ ሆኖ፣ በጀት አንሶ መሥሪያ ቤቱ የገዛው ግማሹን ነበር። “ግማሽ ተራ ነው የደረሰኝ፣ የዘንድሮውን ደግሞ እንካፈል” ብላው እንደነበር ልጇ ነግራኛለች። ኮሎኔል “ተራ ተራ ነው፣ ጎረቤት” ብሎ አለፈው። እሱም አልተሳሳተም፤ የእሱ ዓመት አንሶ ቢሆን ኖሮ እሷም እንዲያ ትለው ነበር ይሆናል። አላውቅም።

ሰኞ ዕለት “የኔ ለፓኬት ሠላሳ ስምንት ነው” አላት። አርባ ብላ ጻፈች፣ ማኅተሟን አደረገች፣ ፖስታውን አሸገች። የሚገባው ሐሙስ ነው። ረቡዕ ጀሶ ነጋዴው ድንገት ዋጋ ጨመረ። ኮሎኔል በሠላሳ ስምንት ከሠራ እንደሚከስር ስላየ የራሱን ወረቀት ቀዶ አርባ ሦስት ብሎ ጻፈ። ለነጋዴው ሄዶ ነገረው። ወደ እሷ ሲመጣ አልነበረችም። በሩ ላይ ጻፈላትና ሄደ።

ሐሙስ ፖስታ ሲከፈት ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰው ስለታመመ እኔን ቁጭ በይ አሉኝ። ኮሎኔል የተወለወለ ጫማ አድርጎ ከፊት ተቀምጧል። እሷ ፖስታዋን ልካ ራሷ አልመጣችም፤ ተራዋ ስላልሆነ ምን ልታደርግ ትመጣለች። የግዢ ኃላፊው አነበበ፤ ነጋዴው አርባ ስድስት፣ ኮሎኔል አርባ ሦስት፣ እሷ አርባ። እኔም ጻፍኩ። ስብሰባው ሲበተን ኮሎኔል ወደ ጠረጴዛዬ መጣ።

“እህቴ፣ የመጨረሻውን ቁጥር ደግመሽ አንብቢልኝ።”

“አርባ።”

“አርባ ስንት?”

“አርባ ብቻ።”

አመስግኖኝ ወጣ። ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ወገቡ እንደዚያ ጎብጦ አይቼው አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ የተባለውን የነገረችኝ ልጇ ናት፤ በዚያን ቀን እናቷ ዘንድ ነበረች። ኮሎኔል ገመዱ ዘንድ ቆሞ፣ ሳይጮህ፣ “በርሽን አላየሽም?” አለ።

“የቱን በር?”

“ስንት በር አለሽ? በትልቁ ነው የጻፍኩት። የኔ አርባ ሦስት ሆኗል፣ አንቺ ወደ ላይ አድርጊ ብዬ።”

“በሬ ላይ ምንም አላየሁም።”

“አንድ ሙሉ ጠመኔ ነው የጨረስኩበት።”

“ትናንት አንጠባጥቦ አልነበር? ጠርጎት ይሆናል።”

“የሚያንጠባጥበው አንቺ በር ላይ ብቻ ነው እንዴ? ጣውላዬ ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም።”

እሷ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ “እሺ፣ ተራው ያንተ ነው፣ ሥራውም ያንተው ይሁን። በኔ ስም ይሁን እንጂ አንተ ሥራው፣ ክፍያውንም አንተ ውሰደው፤ እኔ አፈስልሃለሁ” አለችው።

“በአርባ?”

“በአርባ።”

“ተራዬን ወስደሽ ኪሳራውን ልትሰጪኝ ነው?” አለና ዞሮ ገባ።

በማግስቱ ወደ መሥሪያ ቤታችን መጣች። የግዢ ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

“ጀሶው ጨምሯል፤ ዋጋዬን ትንሽ ከፍ ብታደርጉልኝ” አለች።

“ፖስታ ከተከፈተ በኋላ ዋጋ አይነካም፣ እትዬ።”

“እንግዲያው ልተወውና ለሁለተኛው ይሰጥ።”

“መተው ይችላሉ። ግን ለሁለት ዓመት ከአቅራቢነት ዝርዝር ይወጣሉ። እኔ እርስዎን አልፌ አርባ ሦስቱን ብወስድ ደግሞ ኦዲተር የሚጠይቀው እኔን ነው።”

ሁለት ዓመት ማለት ለእሷ መዝጋት ማለት ነው። ሱቆች ከውጭ የመጣውን ነው የሚይዙት፤ ከመንግሥት ሌላ ገዢ አልነበራትም። ኃላፊው ትንሽ አሰበና “ግን እትዬ፣ ሁሉም ከአርባ በላይ ሲጽፍ እርስዎ ለምን እንዲህ ዝቅ አደረጉት?” አላት። ይህን ስሰማ ከጎን ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። እውነቱን ብትናገር የስንት ዓመቱ ተራ ሊወጣ ነው፤ ኮሎኔልም አብሮ ሊጠየቅ ነው። እጇን አየችና “ተሳሳትኩ” አለች። ውሉን ፈረመች።

ቅዳሜ ኮሎኔል ገመዱን ፈትቶ በቦታው ቆርቆሮ መታ። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ፣ ከሰው ቁመት በላይ። ከዚያ ወዲህ በእሷ በኩል ፀሐይ የምትገባው ከቀትር በኋላ ብቻ ሆነች፤ እሷም የቆርቆሮው ጥላ ከተነሳ በኋላ። ፎርማ ስድስት፣ እጅ ሁለት፣ ፀሐይ ግማሽ ቀን፣ ውሉ ስድሳ ቀን። ሁለት ሴቶች ቀጥራ አፈሰሰች፤ ማፍሰሱ ደረሰ። ማድረቁ አልደረሰም። ጣውላ በየቦታው ተከመረ፤ አልጋዋ ላይ ሳይቀር። የጎረቤት ጣራ ለመነች። መጨረሻ ላይ ክፍሉን ዘግታ ከሰል አነደደችና በሙቀቱ አደረቀችው። ምን እንደሚሆን ታውቅ ነበር። ለእኔ ስትነግረኝ “እያወቅሁ ነው” ነው ያለችኝ፤ ሌላ ምክንያት አልጨመረችም።

በሃምሳ ዘጠነኛው ቀን ካርቶኖቹን አመጣች። እኔ እንደ ልማዳችን አንዱን ልመርጥ ስል፣ “ዛሬ ይቅር፣ ተቻኩያለሁ” አለችኝ። የሚያስቸኩላት ነገር እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ቁጥሩ ልክ ነበር። ፈረምኩ።

ትምህርት በተከፈተ በሳምንቱ ስልክ መደወል ጀመረ። ጠመኔው ሰሌዳ ሲነካ ይሰበራል፣ ግማሹ ቆሻሻ ቅርጫት ነው የሚገባው። ልጇ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት መምህራኑ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ይቀልዱ ነበር። አንዱ የተሰበረ ጠመኔ ይዞ “ይሄን የሠራ ሰው ዳቦም ቢጋግር ሳይቆረስ ይበተናል” ሲል ሁሉም ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች። “ካልሳቅኩ ያውቁብኛል ብዬ ነው” አለችኝ። ማታ እናቷን ልታያት መንገድ ጀምራ ከመንገድ ተመለሰች።

ስድስት መቶ ፓኬት ተመለሰባት። የመመለሻውን ደብዳቤ በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ኃላፊው አስጽፎኝ። የተመለሰውን በአዲስ አፍስሳ አስረከበች፤ ያኔ ግን የምትከስረው በጀሶ ብቻ አልነበረም። ከስድስቱ ፎርማ አራቱ ተሸጡ።

ኮሎኔልም ቢሆን አልተረፈም። ሥራው የእሱ ነው ብሎ፣ ዋጋው እንደገና ሳይጨምር ብዙ ጀሶ ቀድሞ ገዝቶ ነበር። ጠመኔ የሚሸጥበት ስላጣ ጀሶውን ለኮርኒስ ሠራተኞች ሸጠው። በኋላ እሱ ራሱ ከእነሱ ጋር ኮርኒስ ሊሠራ ገባ፤ በዚያ ወገቡ መሰላል ላይ ቆሞ፣ ራሱን ወደ ኋላ ቀልብሶ። ነጭ ሆኖ ሲመለስ በበሯ ያልፋል። ሰላም አይላትም። እሷም ደጃፏ ላይ ብትሆን ዞር ትላለች። ይህ አንድ ዓመት ያህል ቆየ። ከዚያ ታናሽ ወንድሙ ዘንድ ሄደ ተባለ። በእሱ በኩል አሁን ጎማ ይጠገናል። ጠዋት ፀሐይዋ አሮጌ ጎማ ላይ ታርፋለች።

በቀጣዩ ዓመት እንደገና ሦስት ፕሮፎርማ ተጠየቀ። ኮሎኔል የለም። ነጋዴው ሌሎች ሁለት ነጋዴዎች ይዞ መጣ፤ ከውጭ የመጣውን ጠመኔ በሠላሳ አምስት አቀረበ። በዚያ ዋጋ እሷ ጀሶ እንኳ አትገዛም። ደህና ጠመኔ ነው፤ እውነቱን ለመናገር አይሰበርም። በሁለተኛው ዓመት፣ ሌላ ሠሪ እንደሌለ ሲያውቅ፣ ሃምሳ ሁለት አደረገው። እኔ ያኔም ቆጥሬ ተረክቤያለሁ።

ቤቷ መሄድ የጀመርኩት ከመሥሪያ ቤቱ ከወጣሁ በኋላ ነው። ለምን እንደሄድኩ ስትጠይቀኝ በዚህ በኩል ሳልፍ ነው አልኳት። በዚያ በኩል የሚያሳልፍ መንገድ እንደሌለ እሷም ታውቃለች። ሻይ አፈላችልኝ። አሁን የምትሠራው የልብስ ሰፊ ጠመኔ ነው፤ ጠፍጣፋ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ሰማያዊና ቀይ። ግማሽ ቀን ፀሐይ ይበቃዋል። ለልብስ ሰፊዎች በእጇ ይዛ እየዞረች ትሸጣለች።

“ቀለም ለመድኩ፤ አሁንማ ሽበቴ ታየ” አለችኝ። ጸጉሯ ላይ ሰማያዊ ነበር።

ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ስለ ኮሎኔል ራሷ አነሳች። መሰላል ላይ እንዴት እንደሚቆም፣ ቅዝቃዜ እንደማይስማማው፣ የወንድሙ ሚስት ቁጡ ናት መባሉን ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ከማን እንደሰማች አላውቅም። ስለ እሱ ስታወራ ድምፅዋ እንደ ድሮው ነበር፣ ቀልድ ቀልድ የሚለው።

እኔ ሰው መጠየቅ አይሆንልኝም። የምጠይቀውን ቤቴ ተለማምጄ ሄጄ እንኳ ደጃፉ ላይ ይጠፋኛል። በዚያን ቀን ግን ልቤ ውስጥ የቆየውን ሳላወጣ ብመለስ ዳግመኛ የምሄድ አልመሰለኝም። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አርባ ብዬ የጻፍኩት፣ ደግሜም ያነበብኩት እኔ ነኝ። ዝናቡን አስታውሰው እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። አላስታውሰውም። ደግሞ በየማለዳው በሩን ትጠርግ እንደነበር አውቃለሁ፤ ሰው በልማድ ሳያነብ ይጠርጋል።

“እትዬ፣ ያን ጊዜ ኮሎኔል በሩ ላይ የጻፈውን አይተውት ነበር?” አልኳት።

የያዘችውን ጠመኔ ጠርዝ በቢላ ማለስለሷን አላቋረጠችም። ጨረሰችው፣ እፍ ብላ ብናኙን አራገፈች፣ ከሌሎቹ ጋር ደረደረችው።

“ሌላ ጠይቂኝ” አለችኝ።

ሌላ የምጠይቃት አልነበረኝም።